የግሌኒስ ጥንቸሎችና የሮንዳ ሰዓት

ግሌኒስ ፐርቴል ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ኖራ የብቻዬ የምትለው ነገር ብዙ አልነበራትም። ትዊድ ሄድስ ላይ፣ ከሁለቱ ክፍለ ግዛቶች ድንበር ሁለት መንገድ ወዲህ ያለችው ቤት ከእናቷ የወረሰቻት ብትሆንም ግማሿ የወንድሟ የትሬቨር ናት። መኪናዋ የትሬቨር ናት። ቴሌቪዥኑ የክሪኬት ጨዋታ ባለበት ቀን የትሬቨር ነው፤ ክሪኬት የሌለበት ቀን ደግሞ እሷ አይታ አታውቅም። ማንም ያልተካፈላት፣ ማንም እጁን ያላስገባበት ነገር ቢኖር በኋለኛው በረንዳ ላይ የምታሳድጋቸው ሁለት ጥንቸሎች ብቻ ነበሩ።

ወንዱ ዳምፐር፣ ሴቷ ፒክሌት ይባላሉ። ሁለቱም የቂጣ ስም ነው፤ ቡናማ ሆነው እዚህም እዚያም ጠቆር ስለሚሉ እሳት ላይ ትንሽ የተረሳ ቂጣ ይመስላሉ። በረንዳው ዙሪያውን በወንፊት ሽቦ የተከበበ ነው፤ የጥንቸል በሽታ የምታመጣዋ ትንኝ እንዳትገባ ግሌኒስ ራሷ መሰላል ላይ ወጥታ የመታችው ሽቦ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የድንብላል ቅጠልና በሶብላ፣ ቀኑን ሙሉ የአጃ ድርቆሽ፣ ማታ ደግሞ ትንሽ መኖ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተዛነፈም። ዳምፐር በሶብላውን ከጨረሰ በኋላ የእጇን አንጓ ይልሳታል። ያን ጊዜ ግሌኒስ ፊቷን ወደ ጓሮው ታዞራለች፤ ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ ሰው እንዲያይባት አትፈልግም።

ቀደም ሲል ሃያ ስድስት ዓመት በሰፈሩ ክለብ ወጥ ቤት ለሌላው ሰው ዓሣ ስትጠብስ ኖራለች። በሃያ ሁለት ዓመቷ አጭቷት የነበረው ሰው ማውንት አይዛ ማዕድን ማውጫ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደና ሁለት ደብዳቤ ጻፈላት። ሦስተኛውስ ብለው ሲጠይቋት "መንገድ ላይ ይሆናል" ትላለች። እናቷን ጧረች፣ ቀበረች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ደግሞ ትሬቨር ሚስቱ ሞታበት "ለሁለት ሳምንት ብቻ" ብሎ ሻንጣውን ይዞ መጣ፤ ያ ሁለት ሳምንት እስካሁን አላለቀም። እሷም እንዲያልቅ አልፈለገችም። ሸሚዙን ትተኩስለታለች፣ እሱ ይነጫነጫል፣ እሷ ትመልስለታለች፤ ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ አለ።

ሮንዳን ያመጣት የሥጋ ሎተሪ ነው። ዓርብ ዓርብ ክለቡ ውስጥ በሚወጣው ዕጣ አንድ ትሪ ሙሉ ሥጋ ደረሳትና "ብቻዬን አልጨርሰውም" ብላ ግማሹን አጠገቧ ለተቀመጠው ለትሬቨር ሰጠችው። በሚቀጥለው ዓርብ እሱ ቢራ ጋበዛት። አራት ወር ሳይሞላ፣ ዓመቱን ሙሉ በነጠላ ጫማ የሚዞረው ሰው ካልሲ መግዛት ጀመረ።

"በቋሊማ የተገዛ ወንድ" አለችው ግሌኒስ።

"ቋሊማ ብቻ አይደለም" አለ ትሬቨር። "የጠቦት ጎድንም ነበረበት።"

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ነገሩ ግን ቀልድ አልሆነላትም። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ሮንዳ ሰባት ካርቶን፣ አንድ ትልቅ ወንበርና ለሰፈር የሚተርፍ ሽቶ ይዛ ገባች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከድንበሩ ማዶ ኩላንጋታ ውስጥ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ቁመቷ ረዘም፣ ድምፅዋ ወፈር፣ ሳቋ ቀደም የሚል ሴት ናት። ግሌኒስ እንከን ፈልጋ ያጣችባት መሆኑ ራሱ አበሳጫት።

"እነዚህ ናቸው?" አለች ሮንዳ የሽቦ በሩ ላይ ቆማ። "ጥንቸል በቅርብ ሳይ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። በእኛ በኩል እኮ ጥንቸል ማሳደግ በሕግ ክልክል ነው፤ ቤትሽ ውስጥ አንዷን ይዘሽ ከተገኘሽ ጉድሽ ፈላ።"

"አውቃለሁ" አለች ግሌኒስ።

"አባቴ ሠላሳ ዓመት የዱር ጥንቸል እንዳይገባ የተሠራውን አጥር ሲጠብቅ ነው የኖረው። ቀዳዳ ሲደፍን፣ ጉድጓድ ሲያፈርስ። እዚህ ቆሜ ቢያየኝ ከመቃብሩ ይነሳ ነበር።"

"እንግዲያው ቀስ ብለሽ አውሪ። እነሱም ይሰማሉ።"

ትሬቨር ሳቀ። ሮንዳም ሳቀች። ግሌኒስ አልሳቀችም።

የዚያን ቀን ካርቶን ሲጎተት፣ ወንበሩ በሩ አላሳልፍ ሲለው፣ አዲሱ ድምፅ ከክፍል ክፍል ሲዞር ዳምፐር በኋላ እግሩ መሬቱን ደቃና ፒክሌትን አስከትሎ በረንዳው ላይ ያለው አሮጌ ቁምሳጥን ሥር ገባ። የማታው መኖ እንደተቀመጠ ቀረ። ግሌኒስ ተንበርክካ በሶብላ ብታቀርብለት አሽትቶ ፊቱን መለሰ። ጥንቸል ግማሽ ቀን ካልበላ ሆዱ ይቆማል፤ ሆዱ ከቆመ ደግሞ ጥንቸሉ አይቆይም። ይህን ስለምታውቅ ለእንስሳት ሐኪሟ ለዶክተር ታራ ደወለች።

"አዲስ ሰው ገባ ማለት ለነሱ አገር ተለወጠ ማለት ነው" አለች ዶክተር ታራ። "የቀረውን ሁሉ እንዳለ ተይው። ያው ድርቆሽ፣ ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት። ቤታቸውንም በሳሙና እንዳታጥቢው፤ የራሳቸው ሽታ ይኑራቸው። ሴትየዋ አታንሳቸው፣ አታባርራቸው። መሬት ላይ ትቀመጥና የሚወዱትን ቅጠል ራሷ ትስጣቸው። ከምግብ ጋር ካያያዟት በሁለት ሳምንት ይለምዷታል።"

"ራሷ?"

"አዎ፣ ራሷ። የጠዋቱን ቅጠል ለጊዜው ለሷ ተይላት። ድርቆሹን ግን አደራ፤ ድርቆሽ እስከበሉ ድረስ አትፍሪ።"

ትንሽ ቆይቶ ዳምፐር አንድ ሁለት ዘለላ ድርቆሽ ጎተተ፤ ግሌኒስም ትንፋሿ ተመለሰ። ትሬቨር እራት ላይ የሐኪሟን ቃል ሲሰማ ደስ አለው። "በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሮንዳ ትሰጣቸዋለች። እሺ፣ እህት ዓለም?"

"ለነሱ ጤና ከሆነ" አለች ግሌኒስ ከአንገት በላይ።

"አንድ ሰዓት" አለች ሮንዳ። "ሥራ ከመሄዴ በፊት ይደርሳል።"

እዚህ ድንበር ላይ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ የበጋውን ብርሃን ለመጠቀም፣ ወዲህ ያለነው ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደፊት እንገፋለን፤ ማዶ ያሉት አንነካም ብለው ይቀመጣሉ። መንገድ ስትሻገር ሰዓት ትሻገራለህ። ስልክ እንኳ የማንኛውን ወገን ሰዓት እንደሚያሳይ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ እዚህ አገር ጥርስ ሐኪምም ሠርግም ሲቀጠር "የማን ሰዓት? የኛ ነው የናንተ?" ተብሎ ሳይጠየቅ ማንም ከተቀመጠበት አይነሳም። ያን ዕለት ግን ሐሳባቸው ጥንቸሉ ሆድ ውስጥ ስለነበር ሦስቱም ሳይጠያየቁ ተለያዩ። ሮንዳ ሥራዋ ማዶ ነውና የእጇን ሰዓት በማዶ አቆጣጠር ነው የምታስኬደው፤ የወጥ ቤቱን ሰዓት እንደ ግድግዳ ጌጥ ነው የምታየው።

በማግስቱ ግሌኒስ እንደ ልማዷ ከአንድ ሰዓት በፊት ተነስታ ወጥ ቤት ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ሮንዳ የለችም። ትሬቨርማ ሠላሳ ዓመት ዳቦ ለማድረስ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ሲነሳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ዕለት ሦስት ሰዓት ሳይሆን ከአልጋዬ አልወርድም ብሎ የማለ ነው። ጥንቸሎቹ ግን ቆመው ሳህናቸውን በጥርሳቸው እያነሱ ይጥላሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንጀቷ አልችል አለ። ድንብላሉንና በሶብላውን ሰጠቻቸው። ጠርገው በሉ፤ ዳምፐርም አንጓዋን ላሰ። እሷም ሳህኑን አጥባ አድርቃ የነበረበት ቦታ መለሰችው።

ሁለት ሰዓት ላይ ሮንዳ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አስራ፣ በሶብላ በእጇ ይዛ ብቅ አለች። "አንድ ሰዓት" አለች በኩራት፣ የእጇን ሰዓት እያየች። "አንዲት ደቂቃ አላዛነፍኩም።"

ግሌኒስ ነገሩ የገባት ያኔ ነው። የሮንዳ አንድ ሰዓት የሷ ሁለት ሰዓት ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው፤ "ሮንዳዬ፣ የኛ አንድ ሰዓት ማለታችን ነበር" ብትላት በዚያው ያልቅ ነበር። ግሌኒስ አፏን ከፈተች። ሮንዳ እንደተመከረችው መሬቱ ላይ ተቀመጠች፣ እጇን ዘረጋች፣ "ና የኔ ጌታ፣ ና ዳምፒ" አለች። ከበላ ግማሽ ሰዓት ያልሆነው ዳምፐር በሶብላውን አሸተተ፣ ዞረና ጀርባውን ሰጣት። ግሌኒስ አፏን ዘጋች። ሆዷ ቅቤ ጠጣ።

"አልወደደኝም" አለች ሮንዳ።

"ጊዜ ስጪው" አለች ግሌኒስ። "ጥንቸል ሰው ያውቃል።"

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። ግሌኒስ በሷ አንድ ሰዓት ታበላቸዋለች፣ ሳህኑን አጥባ ቦታው ትመልሳለች፣ ሻይዋን ይዛ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ሮንዳ በሷ አንድ ሰዓት መጥታ የሥራ ልብሷ ሳር እስኪይዝ መሬት ላይ ትለምናለች። ጥንቸሎቹ ጠግበው ጀርባቸውን ይሰጧታል። ግሌኒስ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ጎረቤት ቢታመም ሾርባ ይዛ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ነገር ግን ወንድሟ ለሌላ ሴት ካልሲ የገዛበት ቤት ውስጥ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ የሷ ሆኖ መቅረት ነበረበት። ሮንዳ ትሬቨርን ትውሰድ፤ ወንበሯንም እናታቸው ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ታስቀምጥ፤ ዳምፐርን ግን አትወስድም።

አንድ ቀን እራት ላይ ሮንዳ ሹካዋን አስቀመጠች። "የአባቴ ነገር ይሆን እንዴ? ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ስንቱን ጉድጓድ አብሬው አፍርሻለሁ፣ ልጅ ሆኜ። የሆነ ነገር ሸትቷቸው ይሆናል።"

"ምን ይሸታቸዋል? አምሳ ዓመት ሙሉ ታጥበሻል" አለ ትሬቨር።

"አልቀለድኩም፣ ትሬቭ። ሲያዩኝ ጀርባቸውን ነው የሚሰጡኝ። በየቀኑ። በዚህ ቤት ሰውም እንስሳም የሚፈልገኝ መሆኑን እንጃ።"

ግሌኒስ ድንቹን እያላመጠች ሰማቻት። ከልቧ አዘነችላት፤ ለአንድ ጉርሻ ያህል። ከዚያ ትሬቨር እጁን ሮንዳ ትከሻ ላይ ሲያደርግ አየችና ሐዘኑን ከድንቹ ጋር ዋጠችው። ሆድ ይፍጀው ብላ ተነስታ ሳህን ማጠብ ጀመረች።

ሮንዳ ግን በቀላሉ እጅ የምትሰጥ ሴት አልነበረችም። ከሆቴሉ ቁርስ የተረፈ ሙዝና ሐብሐብ በወረቀት እየጠቀለለች ማምጣት ጀመረች። በዘጠነኛው ቀን ግሌኒስ በመስኮቱ ስታይ ፒክሌት ጠጋ አለች፣ ከሮንዳ ጣት ላይ ቁራጭ ሙዝ ወሰደችና እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብላ በላች። ሮንዳ ለራሷ ሳቀች። ግሌኒስ የያዘችውን ሻይ ሳትጠጣ ደፋችው። የሷ ፒክሌት፣ በጨቅላነቷ ጡጦ እያጠባች ያሳደገቻት፣ በቁራጭ ሙዝ ተሸጠች።

ከዚያ በኋላ ውድድር ሆነ፤ ውድድር እንዳለ የምታውቀው ግን አንደኛዋ ብቻ ነበረች። ግሌኒስ በሷ አንድ ሰዓት ሙዝ ቀድማ ሰጠች፤ በላዩ ካሮት ጨመረች፤ በካሮቱ ላይ አፕል። ሮንዳ ስትመጣ አንዳች ቦታ በሆዳቸው እንዳይቀር ነው። ድርቆሹ ሳይነካ ማደር ጀመረ። "ድርቆሽ የጥንቸል እንጀራ ነው፣ ጣፋጭ ግን ገዳዩ ነው" እያለች ጎረቤት ስታስተምር የኖረችው ግሌኒስ ሙሉውን የድርቆሽ ቅርጫት በየቀኑ እያየች አልፋ ሄደች። ቅናት የሚያውቁትን ያስረሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለሌላ ሰው አይደለም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ፒክሌት ብቻዋን ወደ ሳህኑ መጣች። ዳምፐር ጥጉ ላይ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ዓይኑን ግማሽ ከድኖ ተቀምጧል። ግሌኒስ ሙዝ ብታቀርብለት አላየውም፤ በሶብላ ብታቀርብለት አላሸተተውም። ጥርሱን ያፋጫል፤ ይህ ለጥንቸል የሕመም ጣር ነው። ሌሊቱን የተኛበት ቦታ ላይ አንዲት የበጠጥ ፍሬ አልነበረችም። ሆዱን ስትነካው የተነፋ ነው።

ሮንዳ በሰዓቷ መጣች፣ ተቀመጠች፣ እጇን ዘረጋች። ዳምፐር አልተነቃነቀም። "ያው ነው" አለች ሮንዳ በለመደው ድምፅ፤ "እንደ ሁልጊዜው።"

"እንደ ሁልጊዜው አይደለም" አለች ግሌኒስ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። "ትሬቨርን ቀስቅሽው። መኪናውን ያውጣ።"

ሮንዳ ለሥራ ቦታዋ እቀራለሁ ብላ ደወለችና አብራ ገባች።  ፒክሌት ከዳምፐር ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ናት፤ ባልና ሚስትን መለየት ሕመሙን ያብሳል ይባላል።

ዶክተር ታራ ዳምፐርን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ሆዱን በማዳመጫ ሰማች። በግራ ሰማች፣ በቀኝ ሰማች። "ሆዱ ጸጥ ብሏል" አለች። "መቼ ነው በደንብ የበላው?"

ግሌኒስ ከመናገሯ በፊት ሮንዳ ቀደመች። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዶክተር። ከገባሁ ጀምሮ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ከእጄ አንድ ቅጠል አልበላም። በየቀኑ እሞክራለሁ፣ በየቀኑ ጀርባውን ይሰጠኛል። እኔን ስላልወደደ ነው የተራበው።"

"ድርቆሽስ?"

"ድርቆሹም አልጎደለም" አለ ትሬቨር። "በረንዳው ጋ ሳልፍ አያለሁ። ቅርጫቱ ሰሞኑን እንደሞላ ነው።"

ዶክተር ታራ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወጣች። ፊቷ ተለወጠ። "ሥጋው አልጎደለም፤ ግን ወፍራም ጥንቸል ሲራብ ነው ጉበቱ ቶሎ የሚጎዳው። አሥራ ሁለት ቀን እንዲህ ከሰነበተ የማደርግለት ብዙ ነገር የለም። እንዲያ ከሆነ ከማሠቃየት በመርፌ ማሳረፍ ይሻላል። ዛሬ የጀመረው ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፤ እንታገል ነበር።" ወደ ግሌኒስ ዞረች። "አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ ግሌኒስ። የትኛው ነው?"

ፒክሌት ሣጥኑን በጥፍሯ ትቧጥጣለች። ግሌኒስ ወንድሟን አየች። በሮንዳ ላይ የተሠራን በደል ይቅር የማይል ሰው እንደሆነ ታውቃለች። ዝም ብትል ነውሯ ከዳምፐር ጋር አብሮ ይቀበራል፤ ሮንዳም ዕድሜዋን ሙሉ እኔ ገደልኩት ብላ ትኖራለች። ቅናቷ አንድ አፍታ ይህንንም መዘነው። መዘነው፣ ግሌኒስም ራሷን ፈራች።

"ይበላ ነበር" አለች። "እስከ ትናንት ጠዋት ድረስ ይበላ ነበር። በየቀኑ በኛ አንድ ሰዓት ላይ እኔ አበላዋለሁ። ሮንዳ የምትመጣው በማዶ ሰዓት ነው፤ አንድ ሰዓት ዘግይታ። ሲጠግብ ነው የምትደርሰው። ሳህኑን እያጠብኩ እንዳልበሉ አስመስልባት ነበር። ፒክሌት ከሷ ሙዝ ከወሰደች ወዲህ ደግሞ እኔም ሙዝ፣ ካሮት፣ አፕል ስሰጣቸው ነበር። ድርቆሽ የተዉት ስለዚህ ነው።"

ትሬቨር ወደ ሮንዳ ዞረ።

"አሥራ ሁለት ቀን?" አለች ሮንዳ።

"አሥራ ሁለት ቀን።"

"መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ስለምነው፣ መስኮቱ ላይ ሆነሽ እያየሽኝ?"

"እያየሁሽ።"

"አባቴን ሳነሳ እንኳ? ያኔም አልነገርሽኝም?"

"አልነገርኩሽም።"

ሮንዳ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ በመስኮቱ መኪናው ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ ታየች። የሰው ጠብ የማይመለከታት ዶክተር ታራ ግን መርፌዋን እያዘጋጀች ነው። "ሙዙን መቼ ነው የሰጠሽው? ስንት ቁራጭ?" ትላለች። ግሌኒስ ቁራጩን ስትናገር እያንዳንዱ ከአፏ እንደ እሾህ ወጣ።

የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወጋ። ለቤት ደግሞ በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄትና መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ተሰጣቸው። በየአራት ሰዓቱ በግድ ይጋታል። "አንድ ነገር ልንገራችሁ" አለች ዶክተር ታራ። "የሚግተውን ሰው ይጠላዋል። ከድምፁ ይሸሻል፣ ከእጁ ይሸሻል። አንዳንዱ በሳምንት ይረሳል፣ አንዳንዱ ወር ይይዛል፣ አንዳንዱ ጨርሶ አይመለስም። ስለዚህ የሚግተው አንድ ሰው ይሁን። ሌላው ደግሞ ሳይነካው አጠገቡ ተቀምጦ ድርቆሽና ቅጠል ያቅርብለት። በራሱ ፈቃድ አንድ አፍ ድርቆሽ ከጎረሰ ዳነ ማለት ነው።"

ትሬቨር እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ለመጋት አይሆንም። የቀሩት ሁለቱ ሴቶች ናቸው። መኪናው ውስጥ ግሌኒስ የኋላ ወንበር ላይ ሣጥኑን አቅፋ ብዙ አሰበች። ሮንዳ ጥንቸል ይዛ አታውቅም፤ አፉን ልክፈት ስትል ልትጎዳው ትችላለች። ባትጎዳውም፣ ትጋተውና ትጠላ ማለት ይቻል ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ቢሆን ግሌኒስ በደስታ ትለው ነበር።

"እኔ እግተዋለሁ" አለች። "ድርቆሹን አንቺ ያዢ፣ ሮንዳ።"

ሮንዳ ከፊት ወንበር ላይ አልዞረችም። "ለኔ ብለሽ ከሆነ አልፈልግም።"

"ላንቺ ብዬ አይደለም። መያዝ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ነው።"

"ሐኪሟ ያለችውን ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

ያን ቀንና በማግስቱ ግሌኒስ በየአራት ሰዓቱ ዳምፐርን በፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ጋተችው። በመጀመሪያው እየፈራ ዋጠ። በሁለተኛው ክንዷን ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ቧጠጠው። በሦስተኛው የሽቦ በሩን ስትከፍት እግሩን መሬት ላይ ደቃና ቁምሳጥኑ ሥር ገባ። ስድስት ዓመት አንጓዋን ሲልስ የኖረው ዳምፐር እግሯን ሲሰማ ልቡ ፎጣው ውስጥ ሲዘል በመዳፏ ይሰማታል። "ይቅር በለኝ፣ ዋጥ፣ ዋጥ አድርገው" ትለዋለች። ይቅር አላላትም፤ ዋጠ ብቻ።

እሷ ስትወጣ ሮንዳ ትገባለች። ሁለቱ ሴቶች በሩ ላይ ሲተላለፉ አይነጋገሩም። ሮንዳ መሬት ላይ ትቀመጥና ድርቆሹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ለጥንቸሉ ታወራለታለች፤ ስለ ሆቴሉ አንሶላ፣ ስለ አለቃዋ፣ ስለ አባቷ። ግሌኒስ ወጥ ቤት ሆና ድምፁን ትሰማለች። ቃሉን አትለይም፤ ድምፁ ብቻ ይበቃታል ለማቃጠል። ትሬቨርም ኩርፊያው እንደ ሮንዳ ሆነ፤ ሻይ አፍልቶ ለእህቱ ሲያቀርብላት ስኒውን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጎ ይሄዳል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግሌኒስ ዱቄቱን በጥብጣ፣ ሲሪንጁን ሞልታ፣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወደ በረንዳው መጣች። የሽቦ በሩ ላይ ስትደርስ እጇ መያዣው ላይ ቆመ።

ሮንዳ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ እግሯን ዘርግታለች። ዳምፐር ደረቱን ጭኗ ላይ አስደግፏል፤ ከጣቶቿ መሃል አንድ ዘለላ ድርቆሽ እየሳበ፣ አገጩ ቶሎ ቶሎ እየተንቀሳቀሰ ያላምጣል። ጨረሰና ሌላ ሳበ። አጠገባቸው ወለሉ ላይ ጥቂት ትኩስ በጠጥ ተበትኗል። ከዚያ ዳምፐር ጎንበስ ብሎ የሮንዳን አንጓ ላሰ።

ግሌኒስን ቅናቱ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራሷ ወጣባት። ዳነልኝ ማለት ሲገባት መጀመሪያ የመጣው እሱ ነው። በሩን በርግዳ ገብታ፣ ያ የኔ ነው፣ ያ ምላስ የኔ ነው ብትል ወደደች። ዓይኗ በእንባ ተሞላ፤ ግማሹ የደስታ ነው፣ ግማሹ ግን አልነበረም።

ሮንዳ አየቻት። አንገቷን ሳታዞር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከመኪናው ወዲህ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረቻት።

"እየበላ ነው። አትግቢ።"

በገዛ ቤቷ፣ ራሷ በመታችው ሽቦ በኩል፣ በገዛ ጥንቸሎቿ ላይ አትግቢ ተባለች። አንጀቷ አረረ። ነገር ግን ከገባች ዳምፐር መብላቱን እንደሚያቆም ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች።

"ድርቆሹን ነው አይደል?" አለች በሹክሹክታ።

"ድርቆሹን።"

"እሺ፣ አልገባም" አለች ግሌኒስ። ሲሪንጁን ይዛ ውጭ ቆማ ቀረች።